ደንበኛው ምን ብሎ ይፈልጋል?

ልጅቷ ላፕቶፑን የእናቷ የሰዓት መጠገኛ ጠረጴዛ ላይ ከፍታ የሱቁን ድረ ገጽ ታስተካክል ነበር። በኢንተርኔት አግኝቶ የሚደውለው ሁሉ ርካሽ አዲስ ሰዓት ፈላጊ ሆኖ፣ ሟች አባቷ ለእናቷ የተወው የጥገና ሱቅ ሊዘጋ ደርሶ ነበር።

«እማዬ፣ የኛ ደንበኛ ጎግል ላይ ምን ብሎ ይፈልጋል? ‹ሰዓት› ብቻ ካልንማ አገር ምድሩ ነው የሚደውልልን።»

እናትየዋ የማጉያ መነጽሩን ከዓይኗ አወረደች። ባሏ በሕይወት ሳለ ሰዎች በመሐረብ ጠቅልለው ያመጡትን ሳይፈቱ፣ ገና ከበሩ የሚሉት ነገር ነበር።

«‹የአባቴ ሰዓት ቆመብኝ› ብለሽ ጻፊ» አለቻት።

«አንቺ ደግሞ! ለኮምፒውተር እንዲህ ይነገራል?» ልጅቷ እየሳቀች መጻፍ ጀመረች። «የአባቴ» የሚለውን ስትጨርስ ግን ጣቶቿ ቀጥ አሉ። እናትየዋ ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ፣ የቀረውን በአንድ ጣቷ ፊደል እየለቀመች ጻፈችው።