«አንተ ገዳይ ነህ» የምትለዋ ወረቀት

ዳማ ይሙት፣ ይህን ታሪክ አታምኑኝም!

(ዳማ የጋሪዬ ፈረስ ነበር። ከሞተ ሠላሳ ዓመት አልፎታል... ግን መሐላ መሐላ ነው።)

«አን...ተ... ገ...ዳይ... ነህ» ብሎ አነበበልኝ ጆቴ፣ የአብዮት ጠባቂው።

«እሰይ! እሰይ! በመጨረሻ ገዳይ ሆንኩ!» ብዬ ጨፈርኩ።

በ1972፣ ናዝሬት ገበያ መሃል፣ ጠመንጃ ላነገተ ሰው እንዲህ ብሎ የሚጨፍር ወይ እብድ ነው... ወይ እኔ ሆራ ነኝ።

ቆይ፣ ከሥሩ ልንገራችሁ።

እትዬ ተሻለች የሚባሉ የፍርድ ቤት ታይፒስት ነበሩ። ሳምንቱን ሙሉ የእውነት ገዳዮችን መዝገብ ሲመቱ ይውላሉ። ጣታቸው ከመፍጠኑ የተነሣ ዳኛው አፉን ሳይከፍት ፍርዱ ተመትቶ ያልቃል!

እሁድ ደግሞ... የውሸት ግድያ ይጽፋሉ።

በአያቶቻቸው አገር ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲጠፋ አውጫጭኝ ይደረግ ነበር። መንደሩ ክብ ሠርቶ ይቀመጣል፣ ጥፋተኛው ሳይታወቅ ማንም አይነሣም።

እትዬ ይህንን ጨዋታ አደረጉት። ለእያንዳንዳችን በታይፕ የተመታች ወረቀት ያድሉናል። አንዱ ቀናተኛ ባል፣ አንዷ ጠጅ ሻጭ፣ አንዱ ሟች፣ አንዱ ገዳይ።

ሟች ይሞታል፣ እኛ እንጠያየቃለን። መጨረሻ ላይ ኪስ ይፈተሻል። የገዳይ ወረቀት የተገኘበት... ገዳዩ እሱ ነው። በቃ!

ይህን ለማየት ከዝዋይ ዓሣ አጥማጁ መረቡን ጥሎ ይመጣ ነበር። ዓሣው ራሱ ለመምጣት አስቦ ነበር ይባላል።

እኔ ግን ሦስት ጊዜ ተጫውቼ ሦስቴም የደረሰኝ ዛፍ መሆን ነው። ሟች የሚደገፈው ዛፍ!

ለምን መሰላችሁ? ማንበብ አልችልም ነበር። ለማንም አልተናገርኩም... እትዬ ግን ገብቷቸዋል። ዛፍ አያነብማ።

ዛፍ መሆን ሰለቸኝ ብዬ ብነዘንዛቸው፣ በአራተኛው ብዙ ጽሑፍ ያለባት ወረቀት ሰጡኝ። ማፈሬ አይቀርም፣ ይዣት ወደ ጆቴ ሄድኩ። ጆቴ ከመሠረተ ትምህርት ገና በቅርቡ ምስክር ወረቀት ተቀብሎ ያገኘውን ሁሉ ካላነበብኩ የሚል ሰው ነው።

«እሁድ... ዘጠኝ ሰዓት... ገብረወልድን... በብርዝ... መርዝ... ለማንም... አትንገር...» አለና ቀና ብሎ አየኝ።

«ያ ሆራ! እጅ ወደ ላይ!»

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ፈይሳ ወረቀቷን ሦስት ጊዜ አነበቧት።

«በታይፕ ነው የተመታው! ከጀርባህ ድርጅት አለ!»

«ከጀርባዬ ጋሪ ብቻ ነው ያለው፣ ጓድ ሊቀመንበር። ጨዋታ ነው...»

«ዝም በል!»

ወረቀቷን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱና ቆለፉ። «ማስረጃ ነው። ነገ አሥር ሰዓት መኪና መጥቶ ወደ ላይ ይወስድሃል።»

በዚያ ዘመን ወደ ላይ የተወሰደ ሁሉ አልተመለሰም። እዚህ ላይ እኔም አልቀልድም።

እትዬ ተሻለች ማንም ሳይጠራቸው መጡ።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ» አሉ።

«እንግዲያው አንቺም ትታሰሪያለሽ!»

«ይሁን። ግን ነገ ዘጠኝ ሰዓት የቀበሌውን አዳራሽ ይስጡኝ። ገብረወልድ እውነት ከሞተ ሁለታችንንም ይውሰዱን።»

እሁድ ናዝሬት አዳራሹ ውስጥ ገባች። ቦታ ያጣ ጣሪያ ላይ ወጣ! እኔንም እጄን አስረው አመጡኝ።

ገብረወልድ፣ ያ ግዙፉ ጨርቅ ነጋዴ፣ ብርዙን ጠጥቶ ሞተ። እንዴት ያለ አሟሟት! ሁለት አግዳሚ ይዞ ወደቀ። ጓድ ፈይሳ ሮጠው ደረቱን ቢነኩት... ሬሳው ኮርኩሮት ሳቀ።

«አውጫጭኝ ተቀምጧል!» አሉ እትዬ። «ክቡ ውስጥ ያለ ሁሉ ይጠየቃል። በድሮው ደንብ ጭቃ ሹሙም አይቀርለትም።»

«የምን ጭቃ ሹም! ያ ሥርዓት ተገርስሷል!» አሉ ጓድ ፈይሳ።

ግን ተቀመጡ።

ግማሽ ሰዓት አልሞላም፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ከሁሉም በላይ ጠያቂ እሳቸው ሆኑ!

«አንተ ቀናተኛ ባል! ሟች ሲጠጣ የት ነበርክ?»

«ሚስቴን እየጠበቅኩ ነበር፣ ጓድ!»

«ውሸታም! ሚስትህ እዚህ ናት! ኪስ ይፈተሽ!»

ኪስ ተፈተሸ። የሁሉም ወረቀት ወጣ... «ገዳይ» የምትለዋ ግን የለችም።

ጓድ ፈይሳ ጠረጴዛውን መቱት። «ወረቀቷ የት ገባች? የተገኘችበት ገዳዩ እሱ ነው! ደንብ ደንብ ነው!»



ሁላችንም ደረት ኪሳቸውን እያየን ነው። ማን ይናገር?

እትዬ ጣሪያ ያያሉ። ጆቴ ጫማውን ያያል። እኔ እጄ እንደታሰረ... ዛፍ ሆንኩ።

ከዚያ አንድ ሰው እውነቱን አፈነዳው።

የጓድ ፈይሳ እጅ ቀስ ብሎ ወደ ኪሳቸው ሄደ። ወረቀቷን አወጡ። አዩዋት። የታሰረ እጄን አዩ።

ከዚያ ሳቁ... እንባቸው እስኪወርድ።

«ፍቱት! ወረቀት በኪስ መገኘቱ ብቻ ገዳይ የሚያደርግ ከሆነ እኔም ታሳሪ ነኝ።»

መኪናው ባዶውን ተመለሰ።

እትዬ ተሻለች ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ፊደል በወረቀት እየመቱ አስቆጠሩኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ ያነበብኩት ምን የሚል ነበር መሰላችሁ? «አንተ ዳኛ ነህ።»

ወገኖቼ... ብልህ ሰው ባለጠመንጃን «ተሳስተሃል» ብሎ አይጋፈጠውም። ክቡ ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ስህተቱን ከገዛ ኪሱ ያወጣዋል።

እናንተ ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ብትኖሩ ትናገሩ ነበር... ወይስ እንደኔ ዛፍ ትሆኑ ነበር? እውነቱን ኮሜንት ላይ አውጡት፣ አውጫጭኝ ነው!

ማን ተናገረ ነው ያላችሁት?

ሬሳው ነዋ! ገብረወልድ ከወለሉ ቀና ብሎ፦

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የገደሉኝ እርስዎ ነዎት... ቶሎ ይመኑና ልነሣ፣ ጎኔ አለቀ!»