የመቶ ስድሳ ዓመት ሸሚዝ

ዘቢደር ሸሚዙን ወደ አፍንጫዋ ስታስጠጋ አልጫ ወጥ፣ አልጫ ወጥ ሸተታት። የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ ቤዝቦል ክለቦች ይለብሱት የነበረውን ልብስ ሁለት ዓመት አጥንታለች፤ ለመመረቂያ ጽሑፏ የቀራት ከ1860ዎቹ የተረፈ አንድ ሸሚዝ ማየት ብቻ ነበር። ሐበሾች በሚበዙበት በፌርፋክስ መንገድ ላይ ልብስ የሚሰፉት ጋሼ አሥራት ዛሬ ጠዋት ጠርተው፣ "ከአንድ ሽማግሌ ደንበኛዬ አገኘሁልሽ" ብለው ሰጧት። ጣቷን ሳሙና አስነክታ የእጅጌውን ጠርዝ ፈተገችው። ቢጫው ወዲያው ቀላ። እርድ የነካው ሽርጥ ያጠበች ሁሉ ይህን ታውቃለች።

"ጋሼ፣ በእርድ ነው ያስረጁት?"

"በሻይ ሞክሬው ነበር፣ ጠቆረብኝ" አሉ፣ እግራቸውን ከስፌት መኪናው ሳያነሱ። "ፕሮፌሰርሽ እርድ የት ያውቃል? ታዲያ ምን ቸገረሽ?"

ሸሚዙን እንደገና ዘረጋችው። ደረቱ ላይ በቁልፍ የሚያያዘው ጨርቅ፣ የአጥንት ቁልፎቹ፣ በእጅ የተጠለፈው ፊደል፣ ሁሉም እሷ በማስታወሻ ደብተሯ በሳለችው ልክ ነበር፤ ደብተሩን ያዋሰቻቸውም ራሷ ናት። ሸሚዙን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ እጇን በቀሚሷ ደጋግማ ጠረገች። ፕሮፌሰሯ ከሰዓት በኋላ ይጠብቃታል። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። ፊቷን ሳታዞር የጠየቀችው፣ የገዛ ድምፅዋ እሷኑ እስኪያስጠላት ድረስ ለስለስ ብላ ነበር።

"ጋሼ፣ ሽታውስ በምን ይለቃል?"