ከዘጠኝ የሚጀምር ምዕራፍ አንድ

ሰውአገኝ ላሊበላ ከተማ ውስጥ የጽሕፈትና የኅትመት ሱቅ አለው። እየሩስ ደግሞ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ገነተ ማርያም አስተማሪ ናት። ክረምት ክረምት የምትማረውን ሁለተኛ ዲግሪ ለመጨረስ የቀራት የመመረቂያ ጽሑፏን ማስረከብ ብቻ ነበር።

ጽሑፉ በገጽ ቁጥሩ ምክንያት ተመለሰባት። ሽፋኑ ቁጥር አይኑረው፣ ምስጋናውና ማውጫው በሮማን ቁጥር ይሁን፣ ምዕራፍ አንድ ከአንድ ይጀምር ተባለች።

ሰውአገኝ ፍላሿን ተቀብሎ የፊቶቹን ገጾች ከዋናው ጽሑፍ ለየና ቁጥሩን አስተካከለላት። አመስግና ሄደች።

በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። ጥቂት ቃላት ለማረም ቤቷ ስትከፍተው ሽፋኑ ላይ ቁጥር ወጥቷል፤ ምዕራፍ አንድም ከዘጠኝ ጀምሯል። ሰውአገኝ ይቅርታ ጠይቆ እንደገና ሠራው። በሚቀጥለው የገበያ ቀንም ያው ሆነ። ከዚያ ወዲያም።

እሱ ሲያስተካክል እሷ አጠገቡ ተቀምጣ የተማሪዎቿን ነገር ታጫውተዋለች። አሠራሩን ላሳይሽ ቢላት እንዲህ ያለ ነገር አይገባኝም ብላ ሳቀች።

ሰው ማውራት ጀመረ። ልጁ ሆን ብሎ እያበላሸ ያመላልሳታል ተባለ። ወሬው አባቷ ቄስ ተክለ ሚካኤል ጆሮ ደረሰ።

ቄሱ ቅዳሜ ገበያ መጥተው ሱቁ ጎራ አሉ። ሰውአገኝ ተነሥቶ መስቀል ተሳለመ።

«የእጅህን ሥራ ሁሉም ያመሰግናል» አሉት። «የኔ ልጅ ላይ ሲሆን ነው የማይጸናው?»

«አባ፣ እኔም አልገባኝ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«የማስረከቢያው ቀን ዓርብ ነው። ካለፈባት ዓመት ትጠብቃለች። እግዜር ያያል።» ይህን ብለው ወጡ።

ሰውአገኝ ራሱን መረመረ። አላበላሸም። ግን በተበላሸ ቁጥር ደስ ይለው ነበር፤ ይህ ደግሞ ከማበላሸት አልተለየበትም።

ሐሙስ ዕለት እየሩስ መጣች። ጽሑፉን ለመጨረሻ ጊዜ አስተካክሎ፣ ከፍቶ ማንበብ እንጂ መነካካት እንዳይቻል ወደ ፒዲኤፍ ቀየረው።

«ከእንግዲህ አይበላሽም» አላት። «መመላለሱ ቀረልሽ።»

እየሩስ ፍላሿን ይዛ ትንሽ ቆመች። ከዚያ በቀጭን ድምፅ አመስግናው ወጣች። በማግሥቱ አስረከበች፤ ቄሱም ምርቃታቸውን ላኩለት። ሱቁ ግን ጭር አለበት። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ዓይኑ በሩ ላይ ይውል ጀመር።

ወር ያህል ቆይቶ ውባንተ የሚባል የእየሩስ ባልደረባ የትምህርት ቤታቸውን መጽሔት ሊያሳትም መጣ። ሰውአገኝ ከፍቶ አየው። ሽፋኑ ቁጥር የለውም፤ ማውጫው በሮማን ነው፤ የመጀመሪያው ጽሑፍ ከአንድ ይጀምራል። የሚነካው ነገር አጣ። ማን እንደሠራው ጠየቀ።

«እየሩስ ናታ፣ የኮምፒውተር መምህራችን» አለው ውባንተ።