የእማዬ የክት ጫማ

የከተማው የአየር ማጣሪያ ሽታን ሁሉ ካጠፋ ወዲህ አፍንጫ የመነጽር ማንጠልጠያ ብቻ ሆኗል። የሦስት ድመቶቼን የአሸዋ ሳጥኖች የምቆጣጠረው በዓይኔ ነው። ሁለቱ እንደ ወትሯቸው ሸንተዋል፤ የአሮጌው ድመቴ የዳማ ሳጥን ግን ከትናንት ጀምሮ ደረቅ ነው። ሽንቱ ተዘግቶበት ከሆነ አይተርፍም።

"ምን ታፈጪበታለሽ? ሐኪም ጋ አትወስጂውም?" አለች እማዬ።

ዳማን በቅርጫት ይዤ ልወጣ ስል ማጣሪያው ለጥገና ቆመ። ወዲያው የሚሰነፍጥ ሽታ መታኝ። እየተከተልኩት አልጋ ሥር ገባሁ፤ የእማዬ የክት ጫማ ርሷል፤ የዳማ ቀይ ጸጉርም ተለጥፎበታል።

"ሸንቷል! እማዬ፣ ጫማሽ ውስጥ ሸንቷል!" ብዬ በደስታ ጮህኩ።

እማዬ ጫማውን ዞር ብላ እንኳ ሳታይ አቀፈችኝ። አንገቴ ሥር አሸተተችኝና፣ "ጠረንሽን ረስቼው ነበር፣ ልጄ" አለች።

"እሱ የድመት ሽንት ነው" አልኳት፤ ግን ከእቅፏ አልወጣሁም።