ሐቀኛው የሙቀት መለኪያ

«ይኼም ውሸታም ነው!» ብለው ሲጮኹ፣ የሙቀት መለኪያ ሊገጥም የመጣው ቴክኒሻን እሱን የሰደቡት መስሎት ክው አለ። የወተት ፋብሪካው ባለቤት አቶ ሸዋንግዛው ግን የሰደቡት፣ የፈላ ውሃ ውስጥ የነከሩትን ሦስተኛውን አዲስ መለኪያ ነበር። እሱም እንደ ሁለቱ ወንድሞቹ ዘጠና አንድ ላይ ቆሞ ቀረ።

ወተታቸው እየኮመጠጠ ከየሱቁ መመለስ ከጀመረ ሰንብቷል፤ እንዲህ ከቀጠለ ፋብሪካው መዘጋቱ ነው።

«ጋሼ፣ እዚህ ደብረ ብርሃን ደጋው ላይ እኮ ውሃ መቶ ሳይደርስ ነው የሚፈላው...»

«በመቶ እንደሚፈላ አራተኛ ክፍል ተምሬያለሁ! ደብረ ብርሃን ሲደርስ ጠባዩን ይለውጣል?»

አራተኛ ክፍል የገባ እውቀት እንኳን በቴክኒሻን፣ በራሱ በውሃውም አይነቃነቅም። ጠረጴዛው ላይ የቀረውን አንድ መለኪያ ራሳቸው አንስተው ነከሩት። መቶ! ሊስሙት ምንም አልቀራቸው።

«ይኼ ነው ጨዋ! ይኼንን ግጠምልኝ።»

«እሱማ ጠዋት ከማሽንዎ የነቀልኩት አሮጌው ነው። ሙቀቱን እያጋነነ፣ ወተቱን በቅጡ ሳይሞቅ ሲያሳልፍ የከረመው።»

አቶ ሸዋንግዛው ጨዋውን መለኪያ እንደያዙ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እና... መልሰን ብንገጥመውስ?»

«ይቻላል ጋሼ። ታፔላው ላይ ወተት የሚለውን ብቻ እርጎ ያስብሉት።»