ሰባተኛው ፎጣ

ወንዛዬ ፍል ውሃ አጠገብ ጣሊያኖች በከፈቱት የእንግዳ ማረፊያ ሦስት ወር የመስተንግዶ ሥራ ተማርሁ። በገዛ አገሬ እንግዳ አቀባበል የምታስተምረኝ ያልጠራናት እንግዳ፣ የማረፊያው እመቤት ሲኞራዋ ነበረች። ጣሊያንኛዋን ግን ማንም አላስተማረኝ፤ ከጓዳ ሆኜ ራሴ ለቀምሁት።

ረቡዕ ረቡዕ ስድስት መኮንኖች ይታጠባሉ። ስድስት ፎጣ እሰቅላለሁ፤ እርጥቡን ስሰበስብ ሰባት ይሆናል።

«አንቺ ነሽ የታጠብሽ!» አለችኝ ሲኞራዋ። «ለሐበሻ ክልክል ነው። ዛሬም ሰባት ከሆነ ተገርፈሽ ትባረሪያለሽ።»

አንቱታውን ለእናቴ አስቀምጬ፣ «እኔ የእናንተን እድፍ ባጠበ ውሃ ልታጠብ? ነይ፣ አብረን በሩ ላይ እንቁም» አልኋት።

ቆምን። መታጠቢያ ቤቱ በሩ አንድ ነው፤ መስኮት የለውም። ስድስቱ መኮንኖች እያፏጩ ወጡ። ሲኞራዋ ገብታ ባዶ መሆኑን አየች፤ ስድስቱን እርጥብ ፎጣ ራሷ ቆጥራ ይዛ ወጣች። በሩንም ራሷ ዘጋችው። ይቅርታ ግን ካፏ አልወጣም።

ያን ጊዜ ከበሩ ውስጥ ውሃው ተንቦጫረቀ። አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገና በአማርኛ፣ በትሕትና፣ «እባካችሁ፣ ፎጣ» አለ።

ሲኞራዋ አመድ መሰለች። «ምን አለ?»

«ፎጣ ይላል። እንግዳሽ ነው፤ አስተናግጂው እንጂ!»

ከክንዴ ላይ ደረቅ ፎጣ አንሥታ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ እጇን ሰደደች። ፎጣው ከእጇ በቀስታ ተወሰደ።

«ለእኔም» አለ ሌላ ድምፅ።

ከእሱ ኋላ ደግሞ ሌላ።