አንድ ሳል ቀይ፣ ሁለት ሳል ነጭ

"ያ ፍሰሐ፣ የኋላው መብራት በራ?"

መዳም ሉጥፊያ መሪውን ይዛ ፍሬን ትረግጣለች። ዘበኛዋ ፍሰሐ ከአሮጌዋ መኪና ኋላ ቆሞ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ እንደ ባለሙያ አንገቱን ዘመም አድርጎ ያያል። ማየቱ ለወጉ ነው። ዓይኑን ሞራ ከጋረደው ዓመት አልፎታል፤ ከቆመበት ሲያይ መኪናዋና አጥሩ አንድ ናቸው።

ከወጥ ቤቱ መስኮት የቤት ሠራተኛዋ ካሳነሽ አንዴ ትስላለች።

"በራ መዳም። ቀይ።"

ውላቸው ይኸው ነው፤ አንድ ሳል ቀይ፣ ሁለት ሳል ነጭ፣ ዝም ካለች ጨለማ። በሰው አገር፣ ማንሺያን በመሰለ የሀብታም ሰፈር፣ ዓይኑ የደከመ ዘበኛ ማን ያስጠጋል? ገመናውን የነገረው ለእሷ ብቻ ነው። "ዓይንህ እኔ ነኝ ጋሼ" ብላዋለች፣ ያገሩ ልጅ።

ትናንት መብራቶቹ ተደበላልቀው ነበር፤ ፍሬን ሲረገጥ ነጩ፣ ኋላ ማርሽ ሲገባ ቀዩ። ኤሌክትሪሺያኑ ሽቦውን ነካክቶ፣ "ነገ ሞክሩትና ለተርኺስ ውሰዷት" ብሎ ሄደ። ተርኺስ የመኪናዋ ፈቃድ የሚታደስበት ምርመራ ነው።

"ኋላ ማርሽ አስገባሁ። አሁንስ?"

ሁለት ሳል።

"ነጭ። ወተት የመሰለ።"

ወተቱ የራሱ ጭማሪ ነው።

"እርግጠኛ ነህ? የትራፊክ ሙሩሮቹ መንገድ ላይ አስቁመው እንዳያዋርዱኝ።"

"ወላሂ መዳም። ብርሃኑ ዓይኔን እየወጋኝ እኮ ነው።"

ሉጥፊያ ትስቃለች። ካሳነሽም ከመስኮቱ ትስቃለች። ፍሰሐ ደስ ብሎት አብሮ ይስቃል። ምስኪን ካሳነሽ፣ ወንድሟ ናሆም ከመተማ መጥቶ ጀሪፍ ሰፈር ሥራ ፈትቶ ከተቀመጠ ሦስት ሳምንቱ ነው፤ እሷ ግን ዛሬ መሳቅ ችላለች። ትናንት እንኳ ፍሰሐ፣ "ታገሺ፣ የአንዱ ግቢ በር ይከፈትለታል" ብሎ አጽናንቷት ነበር።

"ተማም" ትላለች ሉጥፊያ። "ና፣ ኮፈኑን ዝጋልኝ።"

የመኪናዋን ጎን እየዳበሰ ወደ ፊት ይሄዳል። ቅልጥሙ ከአንድ ነገር ጋር ይጋጫል። ጎንበስ ብሎ ይነካዋል፤ አራት ማዕዘን፣ በፀሐይ የጋለ፣ አናቱ ላይ ሁለት ጉጦች ያሉት።

የመኪናዋ ባትሪ ነው፣ ተነቅሎ። መሬት ላይ።

"ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ነው" ትላለች ሉጥፊያ፣ ከመኪናዋ እየወረደች። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞራ፣ "ወንድምሽን ነገ ዕቃውን ይዞ ይምጣ በይው።"

ፍሰሐ እንዳጎነበሰ ነው። እጁ ይቃጠላል፤ አያነሳውም።

ካሳነሽ አንዴ ትስላለች።

አፉ እንደለመደው ይከፈታል።